የሙሄዲን ቧንቧ

በከሪማ ግቢ ያለው ቧንቧ ሰው ሲነካው ይነዝራል። ሁልጊዜ አይደለም። በበጋ ጭራሽ ይረሳዋል። ክረምት ገብቶ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ግቢውን ሲያለብሰው ግን፣ መክፈቻውን የጨበጠ እጅ ጉንዳን እንደወረረው ሁሉ እስከ ክርኑ ድረስ ውር ውር ይለዋል።

የጀመረው ባሏ ሙሄዲን በሞተ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ሙሄዲን ደሴ ፒያሳ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ የነበረ፣ ድምፁ ከፍ የማይል ሰው ነበር። ማለዳ ማለዳ እሱ ቀድሞ ይነሳና ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ይመለሳል። ከዚያ እርጥብ እጁን በከሪማ እጅ ላይ ያሳርፍና፣ "ተነሽ፣ ውሃው ዛሬ ደግ ነው" ይላታል። ውሃው ደግ ሆኖ አያውቅም፤ የደሴ የማለዳ ውሃ አጥንት ይሰብራል። እሷም ይህን እያወቀች ትነሳ ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ የሚቀሰቅሳት እጅ ጠፋ። አንድ የዝናብ ማለዳ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ልታደርግ ወጥታ ቧንቧውን ስትይዝ እጇን ንዝር አደረጋት። ከሪማ ጮኻ አልሸሸችም። ቆማ አሰበችና እንደገና ነካችው። እንደገና ንዝር አደረጋት።

"ወዐለይኩሙ ሰላም" አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክረምት ለከሪማ የሐዘን ወቅት መሆኑ ቀረ። ሰው ሁሉ ብርዱን ሲያማርር እሷ የሰኔን ደመና አንጋጣ ትጠብቃለች።

ነገሩን ለጎረቤቷ ለየኔነሽ ነገረቻት። የኔነሽ ክርስቲያን ናት፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አጥር ግን ከወደቀ ቆይቷል፣ የሚያነሳውም የለም። የኔነሽ የትከሻ ቁርጥማት አለባት። መጥታ ቧንቧውን ጨበጠችና ዓይኗን ጨፍና "እህህ" አለች።

"ይኸማ ጠበል ነው" አለች ስትገልጠው። "ትከሻዬን ፈታታው።"

"የእኛ ነው የእናንተ?"

"ይፈውስ እንጂ የማንስ ቢሆን።"

ከዚያ በኋላ የኔነሽ በሳምንት አንዳንድ ቀን ብቅ እያለች ትጨብጠዋለች። አንድ ጊዜም በጄሪካን ቀድታ ወደ ቤቷ ወሰደችው፤ እዚያ ሲደርስ ግን ተራ ውሃ ሆነባት። ተመልሳ ስትነግራት ከሪማ አልገረማትም።

"ሙሄዲን ድሮም ከቤቱ መውጣት አይወድም" አለቻት።

ከሪማ ከግቢው በስተጀርባ ያሉትን ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች ታከራያለች። ልጆቿ አግብተው በየፊናቸው ስለሄዱ ግቢው ዝም እንዳይልባት ብላ ነው። በሚያዝያ የገቡት ተከራዮች ሀፊዝ የሚባል ወጣትና ሚስቱ ዊዳድ ናቸው፤ ቢልቂስ የምትባል ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ አለቻቸው። ሀፊዝ የሚሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በየቀኑ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ ማታ ያንኑ ይወጣል። ከሪማ መጀመሪያ ላይ "ምን ይሁን ብለህ ትመላለሳለህ? እዚያው አትከራይም?" ብላው ነበር። ኮምቦልቻ ሲኖሩ ሙቀቱ የልጅቷን ገላ በሽፍታ ጨርሶት ነበር፤ ደሴ በገባች በጥቂት ቀን ቆዳዋ ጠራ። እናም ቤቱን ከነብርዱ ወደዱት።

ቢልቂስ ደግሞ ከሪማን ወደደቻት። አፏን የፈታችው "ኢማ" ብላ ነው፤ ያለችውም ለእናቷ ሳይሆን ለከሪማ ነው። ዊዳድ ለይምሰል ተቀየመች። ከሪማ ለይምሰል እንኳ ደስታዋን አልደበቀችም።

ሰኔ ገባና ዘነበ። ከሪማ የናፈቀችው ሰላምታ መጣ። ተከራዮቿ ግን ጠባያቸው ተለወጠባት። ዊዳድ ቧንቧውን ስትከፍት እጇን በደረቅ ጨርቅ ትጠቀልላለች። ልጇንም ከወገቧ አታወርዳትም፤ ውሃ ስትቀዳ አዝላ፣ ልብስ ስታጥብ አዝላ ነው። ሀፊዝ ጭራሹን የግቢውን ውሃ ትቶ ለውዱእ መስጊድ ድረስ መሄድ ጀመረ። ከሪማ ይህን ሁሉ ከደጃፏ ሆና አየች፤ ከፋትም። ቤት የገባ እንግዳ የባለቤቱን ሰላምታ አልቀበልም እንዳለ ቆጠረችው።

አንድ ቀን ማለዳ ሀፊዝን በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ሀፊዝ፣ የግቢዬ ውሃ ምን በደለህ? መስጊድ ሄደህ ነው አሉ ውዱእ የምታደርገው።"

ሀፊዝ ዓይናፋር ነው፤ ሰው ሲያናግረው መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮው ነው። "አይ እትዬ" አለ። "መስጊዱ ይቀርባል ብዬ ነው።"

"መስጊዱ ዳገት ላይ ነው እኮ።"

"አዎ፣ ዳገት ነው።"

"ምላስህን ኮምቦልቻ ረስተኸው ነው የመጣኸው?"

"ሚኒባሱ ውስጥ ጥዬው ይሆናል" አለና፣ ሊፈልገው የሚሄድ ይመስል ፈጠን ብሎ ወጣ።

የሀፊዝ ምላስ ዊዳድ ናት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጇን አዝላ መጣችና የከሪማ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። አይቀየሙኝ።"

"እንደ ነገሩ ነው።"

"ያ ቧንቧ… ኤሌክትሪክ ይዞት ነው። ሀፊዝ ፋብሪካቸው ውስጥ አንድ ማሽን እንዲህ ሲነዝር አይቷል። የዚያኑ ሰዓት አጥፍተው ነው የሠሩት። ጫማ ላደረገ ሰው ውር ብሎ ያልፋል። በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ የቆመን ግን ይዞ ያስቀራል ይላል። ቢልቂስን ያውቋታል፤ እግሯ ላይ ጫማ አይቆይም።"

ከሪማ ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ትሪው ላይ ቆመ።

"ይህን ያህል ክረምት እኔን ምን አደረገኝ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አላደረገዎትም። እኛ የምንለው ባለሙያ መጥቶ ይየው ነው። መሕሙድ የሚባል የሀፊዝ ጓደኛ አለ፤ እምነት የሚጣልበት ልጅ ነው። አይሆንም ካሉ ደግሞ…" ዊዳድ የታዘለችውን ልጅ ወደ ላይ ሳብ አደረገቻት። "ከእርስዎ መለየቱ ይከብደናል እንጂ፣ ሌላ ቤት እንፈልጋለን።"

ሌላ ቀን ቢሆን ከሪማ ሌላ ነገር ትመልስ ነበር። ያን ቀን ግን በጆሮዋ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙሄዲንን ከግቢው ሊያስወጡት ነው።

"እንግዲያው ፈልጉ" አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዊዳድ ተነሳች፣ እጅ ነሳችና ሄደች። ቢልቂስ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና "ኢማ" እያለች እጇን ስታወዛውዝ ከሪማ ምስሯ ላይ አቀረቀረች።

በማግስቱ የኔነሽ ትከሻዋን ልታሳክም ስትመጣ ከሪማ ሁሉንም ነገረቻት። እንደምትቆጣላት ነበር የጠበቀችው። የኔነሽ ግን ቧንቧውን ልትጨብጥ የዘረጋችውን እጅ መለሰችና ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

"ምነው?" አለች ከሪማ።

"ኧረ ምንም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ግን። መብራት በጠፋ ቀን ነክተሽው ታውቂያለሽ?"

ታውቃለች። መብራት በጠፋ ቀን ሙሄዲን አይመጣም። ይህን ካወቀች ቆይታለች፤ 'ድሮም ጨለማ አይወድም' ብላ ለራሷ ነግራ ነገሩን ዘግታው ነበር። እንኳን ለየኔነሽ ለራሷም ደግማ አንስታው አታውቅም።

"ዝም አልሽሳ" አለች የኔነሽ።

"ትከሻሽን ዛሬ አላመመሽም?"

"ለጊዜው ተሽሎኛል" አለችና የኔነሽ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

የከሪማ ልብ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ባለሙያው ከመጣ ሰላምታው ይቀራል፤ ካልመጣ ልጅቷ ትሄዳለች። አንዱን ስታስብ ሌላው ይጎትታታል። ማለዳ ወደ ቧንቧው ስትወጣ ነጠላ ጫማዋን እያየች ትቆማለች፤ ነክታው ሲነዝራት ደግሞ እንደ ወትሮው ሰላምታውን ትመልሳለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልሆነም። ሀፊዝ ከሥራ መልስ ቤት እያየ እንደሆነ ከሁኔታው ታስተውላለች። አመሻሽቶ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ ይመጣል። በጓሮ በኩል ዊዳድ ዕቃ ስታስር የማዳበሪያው ኮሽታ ይሰማታል።

ከዚያ ያ ከሰዓት መጣ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ዊዳድ ውስጥ ልብስ ታጣጥፋለች፤ ከሪማ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀና ስትል ቢልቂስን አየቻት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለቀረ ወጥታለች። አንድ ጫማዋን ደፉ ላይ፣ ሌላውን ጭቃው ውስጥ ትታ፣ ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ ድክ ድክ እያለች ወደ ቧንቧው ትሄዳለች። ከመክፈቻው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ልጅቷ ያየችው ያንን ነው።

ከሪማ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። ሽንኩርቱ ተበተነ፣ ትሪው ተንከባለለ። ጉልበቷ እንደ ድሮው አይታዘዛትም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ታዘዛት። ትንሿ እጅ መክፈቻው ላይ ልታርፍ ስትል ከሪማ ልጅቷን ከወገቧ አንስታ ወደ ኋላ ጎተተቻት፤ ሁለቱም ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ቢልቂስ ደንግጣ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ዊዳድ ሮጣ ወጣች።

"ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነች። አልነካችውም።"

ከሪማ ልጅቷን ደረቷ ላይ ይዛ እዚያው ጭቃው ላይ እንደተቀመጠች ቧንቧውን አየችው። የሙሄዲን ሰላምታ ነው ስትል ኖራ፣ አንዲት ሕፃን ልትቀበለው ስትል ከእባብ የምታስጥል ያህል አሸሸቻት። ሙሄዲን ቢሆን ኖሮ ከልጅ ጋር ሲገናኝ እንዲህ ትደነግጥ ነበር? እሱ ልጅ ሲያይ ከረሜላ ፍለጋ ኪሱን የሚፈትሽ ሰው ነበር።

"ዊዳድ" አለች።

"አቤት እትዬ።"

"ያንን መሕሙድ የምትሉትን ልጅ ጥሩት።"

መሕሙድ እሑድ ከኮምቦልቻ መጣ። ቀጭን ነው፤ ሁለት ሹራብ ደርቦ ለብሷል። "እናንተ ደሴዎች በዚህ ብርድ እንዴት ነው የምትኖሩት?" እያለ ገባ። ሀፊዝ የመሣሪያ ሻንጣውን ይዞለት ከኋላው ይከተላል።

"እኛ እንኖራለን፤ እናንተ ናችሁ እዚያ ቆላ የምትቀቀሉት" አለችው ከሪማ። ቀልዷ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ነጠላዋን እየጠቀለለች ከእግር እግሩ አልጠፋችም።

መሕሙድ ጫፉ ላይ ትንሽ መብራት ያላት መፈተሻ አውጥቶ ቧንቧው ላይ አሳረፋት። በራች። ቆጣሪው ጋ ሄዶ ኃይሉን አጠፋና ተመልሶ አሳረፋት። አልበራችም። ለከሪማ ማስረዳት አላስፈለገውም። እሷ ፊቷን ወደ ጦሳ አዞረች።

"ከየት ነው የሚመጣበት?" አለች በመጨረሻ።

"እሱን ነው የምንፈልገው።"

ከቧንቧው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የሸረሪት ድር የለበሰ አንድ አምፖል አለ። መሕሙድ አሳያት። "ይኸ ከተቃጠለ ስንት ጊዜው ነው?"

"እኔ እንጃ። መኖሩንም ረስቼዋለሁ።"

"አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ሽቦው ላይ ግን ኃይል አለ" አለና፣ ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ በግድግዳው ላይ የተደገፈውን አሮጌ ቆርቆሮ ከሀፊዝ ጋር አነሱት። ከኋላው ሽቦው ከብረቱ የውሃ ቱቦ ጋር ተጣብቆ ይወርዳል። መሐል ላይ ተቀጥሏል። በናስትሮ መጠቅለል ሲገባው በሰማያዊ ፌስታል ተጠቅልሎ በጨርቅ ቁራጭ ታስሯል። ፌስታሉ ተበልቷል፤ መዳቡ አፍጥጦ ቱቦውን ይነካል።

"ይኸው" አለ መሕሙድ። "ዝናብ ሲገባበት ነው የሚብሰው። ማን ነው እንዲህ አድርጎ…" ብሎ ጀመረና የሀፊዝን ዓይን አይቶ ተወው።

ከሪማ ጠጋ አለች። ያየችው ሽቦውን አይደለም፤ ጨርቁን ነው። ጫፉ ሁለቴ ታጥፎ ወደ ውስጥ ተወሽቋል፤ ደንበኛ ገበያ ለገበያ ይዞት ሲዞር እንዳይፈታበት የጨርቅ ነጋዴ የሚያስረው አስተሳሰር ነው። በዕድሜዋ ሙሉ ያን ቋጠሮ ስትፈታ ኖራለች። የልብሷ፣ የመጋረጃዋ፣ የልጆቿ የዒድ ልብስ ሁሉ በዚያ ቋጠሮ ታስሮ ነው ቤቷ የገባው።

ያኔ ትዝ አላት። አንድ ዓመት፣ በጨለማ ለውዱእ ወጥታ እዚህ ቧንቧ ሥር ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሎ ነበር። በማግስቱ ሙሄዲን ሱቁን ዘግቶ፣ ጥቅል ሽቦ በብብቱ ይዞ መጣ። "ባለሙያ ጥራ" ብትለው "ለአንድ አምፖል?" አላት። ቀኑን ሙሉ ሲታገል ውሎ አመሻሹ ላይ አምፖሉ ቦግ አለ። በዚያ ቀን በዓለም ላይ እንደሱ የኮራ ሰው አልነበረም።

ከሪማ ሳቀች። መጀመሪያ ድምፅ ሳታሰማ፣ ከዚያ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወርድ ድረስ ሳቀች። ዊዳድ ልታለቅስ ነው ብላ ጠጋ አለቻት።

"ሙሄዲን ነው" አለች ከሪማ ዓይኗን እየጠረገች። "እሱ ራሱ ነው። እንዳልወድቅ ብሎ ሊገድለኝ ነበር።"

መሕሙድ መሬት መሬት እያየ፣ "አላህ ይዘንላቸው። ሐሳባቸው ደግ ነው" አለ።

"ሐሳቡማ መቼ ጎደለበት። እጁ ለጨርቅ እንጂ ለመብራት አልተፈጠረም።"

"አልሐምዱሊላህ፣ ለክፉ አልሰጠዎትም። ያተረፈዎት ነጠላ ጫማዎ ነው።"

መሕሙድ አሮጌውን ሽቦ ነቅሎ ጣለው። አዲሱ ከውሃው ቱቦ ርቆ፣ ለብቻው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እንደሚሄድ ነገራት፤ አፈትላኪ ኃይል ቢኖር ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦም ይቀበራል። "አምፖሉ ካላስፈለገዎት ግን መተው ይቻላል" አላት።

"አይቀርም" አለች ከሪማ። "እዚያው፣ እሱ ያደረገው ቦታ ይሁን። በደንብ ይሠራ እንጂ።" ትንሽ አሰበችና ጨመረች። "እነዚህን ልጆች ክፍልም እይልኝ።"

ውስጥ ገብቶ ሲያይ፣ ስቶቩም ቴሌቪዥኑም ካውያውም ከአንድ ሶኬት ላይ ተንጠልጥለው አገኛቸው። የሶኬቱ አንድ ጎን ጠቁሯል። መሕሙድ ምላሱን መታ አደረገ። ከሪማ ወደ ሀፊዝ ዞረች።

"ይኸንንም ዝም ብለህ ተኝተህበት ነበር?"

ጆሮው ቀላ። "አልጠየቁኝም እትዬ።"

"እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሳልጠይቅህ ተናገር። ቤቱ የኔ ነው፣ ውስጡ የምታድሩት ግን እናንተ ናችሁ።"

"እሺ" አለ ሀፊዝ። ከዚያም፣ ራሱም ገርሞት፣ "የመኝታ ቤቱ ማብሪያም እሳት ይተፋል" አለ።

"ይኸው፣ ተናገረ" አለች ዊዳድ።

በማግስቱ ማለዳ ከሪማ ለውዱእ ወጣች። አዲሱ አምፖል ጉሙን ቢጫ አድርጎታል። ቧንቧውን ጨበጠችና ጠበቀች። እጇ ከልምድ የተነሳ ትንሽ ዘገየ። የመጣው ብርድ ብቻ ነው፤ የደሴ ውሃ። ቅር አላት፤ አላላትም ብትል ውሸት ነው። ከዚያ እጇን ታጠበች፣ ተጉመጠመጠች፣ ፊቷን ታጠበች፤ ሰግዳም ስታበቃ ለሙሄዲን በስሙ ጠርታ ዱዓ አደረገችለት። ለካ እስከ ዛሬ ሰላምታውን ስትቀበል ኖራ እሷ የላከችለት ነገር ጥቂት ነው። ዱዓው ረዘመ።

ረፈድ ሲል የኔነሽ መጣች። ከወደቀው አጥር ማዶ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ እንደዚያም ሆኖ ቧንቧውን በሁለት ጣት ነካችው።

"የለም" አለች።

"የለም።"

"ትከሻዬስ ምን ሊሆን ነው?"

"ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለልሽ።"

"አንቺ ደግሞ፣ ባልሽ ይሻለኝ ነበር" አለች የኔነሽ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ቢልቂስ በመካከላቸው ሰተት ብላ ገባች። ዛሬም ባዶ እግሯን ናት። መክፈቻውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ የቻለችውን ያህል አዞረችው። ውሃው ፏ ብሎ ወጥቶ የየኔነሽን ቀሚስ እስከ ጉልበቷ አራሰው። የኔነሽ "ወይኔ ልጄ" እያለች ወደ ኋላ ስትሸሽ ልጅቷ በሳቅ ተንፈራፈረች።

ዊዳድ ጩኸቱን ሰምታ በሩ ላይ ብቅ አለች። በእጇ የታሰረ ማዳበሪያ ይዛለች። ከሪማ ቀና ብላ አየቻት።

"ምን ይዘሻል እሱን?"

"ዕቃ ነው እትዬ። ልፈታው ነው።"

"ፍቺው፣ ፍቺው። ፎጣም አምጪልን፤ ይቺ ልጅሽ ጠቅላላ ልታጥበን ነው" አለች ከሪማ፤ ቧንቧውን ግን አልዘጋችውም።